ቤት ለእንቦሳ፣ ቤት ለእንግዳ

በእኛ አገር ሰው ወደ አዲስ ቤት ሲገባ ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል። ባለቤቱም ከውስጥ «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይቀበለዋል። እንቦሳ ጥጃ ነው፤ ገና ጡት ያልጣለ። ምርቃቱ ቤቱ ይመርብህ፣ ይስፋህ አይልም። ይወለድበት፣ ይርባበት፣ ማለዳ ማለዳ አንዳች ነፍስ ያለው ነገር ይጩኽበት ነው የሚለው። ላም በቅርብ አይተው የማያውቁ የከተማ ልጆች ሳይቀሩ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ወጥተው ይህንኑ ሲሉ ሰምቻለሁ።

በ2025 የካቲት ወር ላይ (ዘመኑንም ወሩንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እኔና ባለቤቴ ከሲያትል ዝናብ ሸሽተን ወደ ሃዋይ፣ ማዊ ወደምትባለው ደሴት ተሻገርን። ያረፍነው ኪሄይ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ፣ በአንድ ያረጀ ሕንጻ ውስጥ፣ ለአምስት ሌሊት በተከራየናት ባለ አንድ መኝታ ቤት ነበር። ቁልፍ ያስረከበን ሰው የለም። በስልኬ የተላኩልኝን አራት ቁጥሮች በሩ ላይ ስነካ በሩ ተከፈተ። ልማድ ሆኖብኝ «ቤት ለእንቦሳ!» አልሁ። ማንም አልመለሰልኝም። ባለቤቴ ሻንጣዋን እየጎተተች፣ «ለማን ነው የምትለው?» አለችኝ።

ባለቤቴ ስል የትዳር ጓደኛዬን ማለቴ ነው። አማርኛ ለትዳር ጓደኛም፣ ካርታና ፕላን በስሙ ላወጣ ሰውም አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። ይህን እንደ ቋንቋው ድህነት እቆጥረው ነበር። በዚያ ምሽት ግን ነገሩን ገልብጬ አየሁት። ለአማርኛ የቤት ባለቤት ማለት ቤቱን ቤት የሚያደርገው፣ ምድጃውን የሚያነድደው ሰው ነው። እኛ የገባንባት ቤት በወረቀት ባለቤት አላት፤ በአማርኛ ግን ባለቤት አልነበራትም።

ምንም አልጎደላትም። ስድስት ሳህን፣ ስድስት ብርጭቆ፣ ስድስት ሹካ፤ የባሕር ዳር ወንበርና ጃንጥላ፤ ግድግዳው ላይ የኤሊ ሥዕል፤ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ የደንብ ዝርዝር። ያረረ ድስት የለም፤ ቁልፉ የጠፋ መሳቢያ የለም፤ ልጅ የጫረው ግድግዳ የለም። ከመኝታ ክፍሉ አጠገብ ብቻ አንድ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ነበረ። የባለንብረቶቹ የግል ዕቃ ያለበት ስለሆነ እንዳይነካ ይላል ደንቡ። በዚያች ቤት ውስጥ የሰው ኑሮ የሚመስል ነገር ቢኖር እዚያ ውስጥ ተቆልፎበታል።

እንዲህ ያለችው ቤት አንዲት ብትሆን የምጽፈው ባልኖረኝ። ግን በማዊ በሺህ ይቆጠራሉ፤ የደሴቲቱን ሰው ለሁለት የከፈለው ክርክርም በእነሱ ላይ የተነሣ ነው።

ማዊ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረችው በሸንኮራ አገዳ ነው። አገዳውን ለመቁረጥ ከቻይና፣ ከጃፓን፣ ከፖርቱጋል፣ በኋላም ከፊሊፒንስ ሰው እየተጫነ መጣ፤ የዛሬው ነዋሪ ብዙው የእነዚያ የልጅ ልጅ ነው። የመጨረሻው የስኳር ፋብሪካ ፑኡኔኔ ላይ በ2016 ታኅሣሥ ተዘጋ። አገዳው ሳይሞት ጀምሮ ግን ሌላ ወራሽ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። የካናፓሊ ትልልቅ ሆቴሎች የተተከሉት በቀድሞ የአገዳ መሬት ላይ ነው። ደሴቲቱ ከአገዳ ወደ እንግዳ ተሻገረች ብል ቃላት ለማስተዛዘል አይደለም፤ ታሪኳ ራሱ ቤት መትቶልኛል። አንድ ሰብል ብቻ የሚዘራ አገር የዚያው ሰብል ባሪያ እንደሚሆን የእኛም የቡና ገበሬ ያውቀዋል።

እንግዳው ሆቴል ብቻ ገብቶ ቢያድር መልካም ነበር። ነገር ግን ለመኖሪያ አፓርታማ ተብሎ በተከለለ መሬት ላይ የቆሙ ብዙ ሕንጻዎችም ለአጭር ጊዜ ኪራይ ዋሉ። አጭር ሲባል በማዊ ሕግ ከ180 ቀን በታች ማለት ነው፤ በተግባር ግን ሦስት ሌሊት፣ አምስት ሌሊት። ይህ የተቻለው ከ1989 በፊት ፈቃድ ያገኙ ሕንጻዎች እንደ ቀድሟቸው ሊቀጥሉ ይችላሉ በሚል ነው። ሐሳቡን በ2001 የካውንቲው ምክትል የሕግ አማካሪ የነበሩት ሪቻርድ ሚናቶያ በጽሑፍ አጸኑት። የሕንጻዎቹ ስም ዝርዝር እስካሁን በሰውዬው ስም «የሚናቶያ ዝርዝር» ይባላል። በውስጡ ወደ 7,000 የሚጠጉ ቤቶች አሉ፤ የአብዛኞቹ ባለንብረቶች የሚኖሩት ከደሴቲቱ ውጭ ነው። የካውንቲው ሕዝብ፣ ሞሎካይንና ላናይን ጨምሮ፣ 165,000 ያህል መሆኑን ልብ በሉልኝ።

እናቶቻችን «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» ይላሉ። ተረቱ የቤትን ትዕግሥት መለኪያ ነው፤ ሰንባች ሰው እየረከሰ ይሄዳል። ማዊ ላይ ግን ይህ የገበያ ሕግ ሆኖ አገኘሁት። ለሦስት ሌሊት የመጣው ወርቅ ነው። ለክረምቱ የመጣው ብር ነው። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ እዚያው ሊሞት ያሰበው ግን ብረት ነው፤ በወር የሚከፍለው ኪራይ፣ እንግዳው በሳምንት ከሚከፍለው ጋር ሲተያይ ለባለንብረቱ ኪሳራ ይመስላል። እኛ ለአምስት ሌሊት የከፈልነው፣ ኋላ እንደተረዳሁት፣ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ለወር ከምትከፍለው ብዙም የማይርቅ ነበር።

ከዚያ እሳቱ መጣ። ነሐሴ 8 ቀን 2023 ዓ.ም. ላሃይና በአንድ ከሰዓት በኋላና በአንድ ሌሊት ነደደች። ላሃይና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሃዋይ ነገሥታት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። 102 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,200 በላይ ሕንጻዎች ወደሙ፤ 12,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። በ1873 የተተከለው የከተማዋ ታላቅ ዛፍ፣ የእኛ ዋርካ ዘመድ ነው፣ ከስሎ ቆሞ ከርሞ እንደገና ቅጠል አወጣ። ሰዉ ግን እንደ ዛፍ አይደለም፤ ቆሞ አይከርምም።

የተፈናቀሉት መጀመሪያ ሆቴል ገቡ። ከሆቴል ወደ ሌላ ሆቴል፣ ከዚያ ወደ ዘመድ ሳሎን፣ ከዚያ ደሴቲቱን ለቆ ወደ ላስ ቬጋስ። የኪራይ ዋጋው ደግሞ በዚያው ሰሞን ይበልጥ ናረ። በራሳቸው ደሴት ላይ እነሱ መጠለያ ሲያጡ በሺህ የሚቆጠሩ ባለ ስድስት ሳህን ቤቶች የሚቀጥለውን አውሮፕላን ይጠብቃሉ። በ2023 ኅዳር ላይ ላሃይና ስትሮንግ የተባለው የነዋሪዎች ስብስብ አባላት ካናፓሊ ባሕር ዳር ወርደው ድንኳን ተከሉ። ከድንኳኑ ጎን የዓሣ መንጠቆ ዘንግ አሸዋው ላይ አቆሙ፤ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው በባሕሩ ዳርቻ የመቆየት መብት አለውና። ለወራት እዚያው ከረሙ። እያጠመዱ ያሉት ዓሣ ሳይሆን ቤት መሆኑንም በግልጽ ይናገሩ ነበር። ብዙ የተቃውሞ ሰልፍ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቅኔ ያለው ግን አላየሁም። ሰሙ ዓሣ፣ ወርቁ ቤት።

ግንቦት 2 ቀን 2024 ከንቲባው ሪቻርድ ቢሰን በሚናቶያ ዝርዝር ውስጥ ያሉት ቤቶች ለአጭር ጊዜ መከራየታቸው እንዲያበቃ ሐሳብ አቀረቡ። በማግስቱ የሃዋይ አገረ ገዢ ጆሽ ግሪን ካውንቲዎች ይህን የማድረግ ሥልጣን እንዳላቸው የሚያረጋግጥ ሕግ ፈረሙ። ነገሩ ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ የኦዋሁ ደሴት የአጭር ኪራይን ዝቅተኛ ጊዜ ወደ 90 ቀን ከፍ ሊያደርግ ሲሞክር በ2022 የፌዴራል ዳኛ አግዶት ነበርና። እኛ ኪሄይ የደረስነው ክርክሩ በተጋጋለበት ወቅት ነው።

የመጨረሻው ቀን ማለዳ ዕቃ ስንሸክፍ በሩ ተንኳኳ። ጽዳት ሠራተኛዋ ቀድማ ደርሳ ነበር። ይቅርታ ጠይቃ ልትመለስ ስትል ባለቤቴ እጇን ይዛ አስገባቻት። ባለቤቴ የትም ስትሄድ ጀበናዋን በፎጣ ጠቅልላ ትይዛለች፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው እየተቀዳ ነበር። ሴትዮዋ ከእኛ ትንሽ የምትበልጥ፣ ከሰሜን ፊሊፒንስ የመጣች ኢሎካኖ ናት። ሃያ ዓመት አልፏታል። ላሃይና የተከራየችው ቤት ተቃጥሏል። አሁን ካሁሉይ፣ እኅቷ ቤት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። በቀን ሦስት ቤት ታጸዳለች፤ ሁሉም እንደኛዋ ያሉ ናቸው።

ስለ ሕጉ ጠየቅኋት። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። ሲኒውን አስቀመጠችና እንዲህ አለች፦ «ሕጉ ቢወጣ የምተኛበት አገኝ ይሆናል፤ የማጸዳው ግን አይኖረኝም። ባይወጣ የማጸዳው አለኝ፤ የምተኛበት የለኝም።»

ከተመለስን በኋላ ብዙ አነበብሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ ግን አላገኘሁም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት የሴትዮዋን አረፍተ ነገር በቁጥር የጻፈው ነው የሚመስለው። ሕጉ ከጸደቀ 6,127 ቤቶች ወደ ነዋሪ ኪራይና ሽያጭ ይመለሳሉ፤ የኮንዶሚኒየም ዋጋ ከ20 እስከ 40 በመቶ ሊወርድ ይችላል። በሌላው ገጽ ደግሞ እንግዶች የሚያወጡት ገንዘብ በዓመት ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ይቀንሳል፤ ወደ 1,900 ሥራ ይጠፋል፤ ካውንቲው ከንብረት ግብር በ2029 በዓመት ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ያጣል። ደጋፊው የመጀመሪያውን ገጽ፣ ተቃዋሚው ሁለተኛውን ገጽ ይዞ ምክር ቤት ገባ። ሁለቱም ገጾች ስለ አንዲት ሴት የተጻፉ መሆናቸው ተረሳ።

በ2025 ታኅሣሥ የካውንቲው ምክር ቤት ሕጉን አጸደቀው፤ ከንቲባውም ፈረሙበት። በምዕራብ ማዊ፣ ላሃይና ባለችበት በኩል፣ ከ2029 መጀመሪያ ጀምሮ፣ በቀረው ክፍል ደግሞ ከ2031 ጀምሮ ይሠራል። ያረፍንባት ቤት እንግዲህ ዕድሜዋ እስከ 2031 ነው ማለት ነው።

እኔ ሕጉን እደግፋለሁ። እዚያ ካደርሁ በኋላ ይህን ማለቴ በልቶ ማዕድ መንቀፍ እንደሚመስል አውቃለሁ። ነገር ግን ያደረ ሰው ካልተናገረ ማን ይናገራል?

የምደግፈውም የቱሪዝሙን ገንዘብ ንቄ አይደለም። ሥራ ያለው ቤት የሌለው ሰው ዞሮ ዞሮ አገር ይለቃል። ከላሃይና የወጡት ሁሉ ሥራ አጥተው አልወጡም፤ ብዙዎቹ ሥራቸው እዚያው እየጠበቃቸው ነው የሄዱት። አንሶላ የሚያነጥፈው፣ ምግብ የሚያበስለው፣ የታመመን የሚያስታምመው፣ የእንግዳውን ልጅ ዋና የሚያስተምረው ሰው የሚያድርበት ካጣ እንግዳው ራሱ የሚቀበለው አያገኝም። የጠፋውን 1,900 ሥራ የሚቆጥር ሰው፣ ቤት በማጣት የሄደውንም ሠራተኛ በዚያው መዝገብ ሊጽፈው ይገባል። በዚህ ላይ እንግዳ የሚያድርበት ሆቴል አለ። ሠራተኛው ከቤት ሌላ የሚያድርበት የለውም።

ባለንብረቶቹስ? በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ከተናገሩት መካከል ሀብታም ብቻ አልነበረም። ጡረታቸውን ያፈሰሱ፣ የባንክ ዕዳቸውን በኪራዩ የሚገፉ፣ በሕግ ተፈቅዶልን ገዛን የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ያም ሆኖ የተመኩት በአንድ የሕግ አማካሪ ደብዳቤ ላይ ነው፤ መሬቱ ድሮም ለመኖሪያ የተከለለ ነበር። ቤቱ አይወሰድባቸውም፤ ሊኖሩበት፣ ለነዋሪ ሊያከራዩት፣ ሊሸጡት ይችላሉ። የሚወሰድባቸው ቤቱን በሌሊት የመቸርቸር ፈቃድ ነው፤ እሱም ከዓመታት ማስጠንቀቂያ ጋር። ከእሳቱ የሸሹት ሰዎች የተሰጣቸው ማስጠንቀቂያ ግን በደቂቃ የሚቆጠር ነበር።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ተቃዋሚዎቹ እምብዛም የማያነሡት ነገር ነው። ሕጉ ለእንግዳ አታከራይ ይላል እንጂ ለነዋሪ አከራይ አይልም። በዋናው አሜሪካ የሚኖር ባለጸጋ ቤቲቱን በርካሽ ገዝቶ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት እየመጣ ዓሣ ነባሪ አይቶባት፣ ለቀረው ሃምሳ ሳምንት ቆልፏት ሊሄድ ይችላል። ያኔ የእንግዳም የእንቦሳም ያልሆነች ቤት ትሆናለች፤ ያ ቁም ሣጥን ሰፍቶ ቤቱን ሁሉ ዋጠው ማለት ነው። ጽዳት ሠራተኛዋም ሥራዋን አጥታ ቤቱንም ሳታገኝ ትቀራለች። ካውንቲው መሣሪያው አለው። ማዊ የንብረት ግብር የምታስከፍለው እንደ ቤቱ አገልግሎት ነው፤ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ዝቅተኛ፣ ባለቤቱ የማይኖርበት ከፍ ያለ። ባዶ ተቆልፎ የሚከርም ቤት ከእንግዳ ቤት በላይ እንዲከፍል፣ ለነዋሪ በረጅም ውል የተከራየ ደግሞ እንዲቀልለት ማድረግ የዛሬ ሥራ ነው፤ 2031 ሲደርስ የሚታሰብ አይደለም።

ሌላም አለ። ሕንጻዎቹ አሮጌ ናቸው። ለጥገናና ለመድን የሚከፈለው ወርሃዊ መዋጮ ከባድ ነው፤ የቤቱ ዋጋ ቢወርድ እንኳ መዋጮው አብሮ አይወርድም። አንዳንዶቹ ደግሞ ባሕሩ አፍ ላይ ቆመው ማዕበሉ መሠረታቸውን ይልሰዋል። ምክር ቤቱ ከዝርዝሩ የተወሰኑትን ወደ ሆቴል ክልል የማዛወር ሐሳብ ሲያነሣ ብዙ የሕጉ ደጋፊዎች ተቆጥተው ነበር፤ በር ከተከፈተ ሁሉም ሾልኮ ያመልጣል ብለው። ሥጋታቸው ይገባኛል። ሆኖም ባሕር ሊበላው የደረሰን ሕንጻ ለደኻ ቤተሰብ መስጠት ቤት ሳይሆን ዕዳ ማውረስ ነው። እነዚያ ለእንግዳ ይቅሩ፤ ግብራቸውም ቤት ለማሠሪያ፣ ሥራ ለሚያጡትም መቋቋሚያ ይዋል። ምርጫው ግን ሕንጻ በሕንጻ፣ በገሃድ፣ በቂ ምክንያት እየተጻፈበት ይሁን። ጠበቃ ያለው ሁሉ ወደ ሆቴልነት ከተሻገረ፣ በ2001 በደብዳቤ የተሠራው በ2031 በካርታ ተደገመ ማለት ነው።

ወደዚያ ማለዳ ልመለስ። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ሴትዮዋ ከባለቤቴ ጋር ተግባብታ ነበር፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ዘመድ፣ በየወሩ ወደ አገር ቤት ስለሚላክ ገንዘብ። ይህን ወሬ ለመግባባት ብዙ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ከዚያ ባለቤቴ፣ እኔን ለማሳጣት፣ ስንገባ ለባዶ ቤት ያልሁትን ነገረቻት። ትርጉሙን ጠየቀችኝ። አስረዳኋት፤ አዲስ ቤት ሲገባ የሚባል ምርቃት እንደሆነ፣ ጥጃ ይታሰርበት ማለት እንደሆነ።

ሳቀች። ሲኒዋን በሌላ እጇ እየከደነች ሳቀች።

«በዚህ ሕንጻ ውሻ እንኳ ክልክል ነው» አለችኝ።

ከዚያ ተነሥታ ሲኒዋን አጠበች፤ የቤቱን ብርጭቆዎች ስድስት መሆናቸውን ቆጠረች። የሚቀጥሉት እንግዶች ከሰዓት በኋላ ይገባሉ። እኛ ሻንጣችንን ይዘን ስንወጣ እሷ መኝታ ክፍሉ ገብታ አንሶላችንን መግፈፍ ጀምራ ነበር።